ጠባሳ ያለው በርጩማ

ለውድ እናቴ፣

ከሁሉ በፊት ጉልበትሽን ልጠይቅ፤ እንዴት ሰነበተልሽ? እኔ ደህና ነኝ። የልጅ ልጅሽም ደህና ናት፤ ምላሷም እንደዚያው። ግን እማዬ፣ ሰሞኑን ወጥ ቤት ስትገቢ ምን ላይ ነው የምትቀመጪው?

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። አንቺ ሃያ ስምንት ዓመት ቆመሽ ከተሰፋ ሸሚዝ ላይ ትርፍ ክር በቆረጥሽበት ፋብሪካ፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ ሚጢጢ ሥራ ከጀመረች ሁለት ወር ሆናት። አለቃዋ ብሆንም ልጄ ናት ብዬ አላዳላላትም። ሰኞ ጠዋት በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ብትፈታው በርጩማ! ቁጭ አለችበት። በሥራ ሰዓት መቀመጥ ክልክል መሆኑን እንኳን ሰው ግድግዳውም ያውቃል። ተነሺ ብዬ ብቆጣት፣ ክር የምቆርጠው በእጄ ነው ወይስ በእግሬ? ብላ መለሰችልኝ። ሴቶቹ ሳቃቸውን በሸሚዝ አፈኑ። የኔ ግን ደሜ ፈላ።

ሥራ አስኪያጁ፣ በናንተ ጊዜ «አቶ ቁም» ያላችሁት ሰውዬ፣ ማሰናበቻዋን አስጽፈው ፈርሚ አሉኝ። ልናዘዝልሽ፤ የእንጀራ ገመዴ እንዳይበጠስ ፈርቼ ልፈርም ነበር። አስቀድሜ በርጩማውን ከክፍሉ ላወጣ ሳነሳው፣ ጠርዙ ላይ የካውያ ጠባሳ አየሁ። ወዲያው አወቅሁት። ከሥራ ስትመለሺ እግርሽን ለብ ባለ ውሃ ስትነክሪ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ከዚያ ሁሉ የተማርኩት ግን መቆም ብቻ ነው። አፈርኩ እማዬ።

በርጩማውን ቦታው መለስኩት። ሰውየውንም፣ እሷን ካሰናበቱ የኔንም አብረው ይጻፉ አልኳቸው። እያጉረመረሙ፣ ሥራችሁ እስከ ቅዳሜ ይታይ አሉ። እስከ ሐሙስ ሰባት በርጩማ ገባ፤ አንዷማ የልጇን ቀይ ወንበር ነው ያመጣችው። ቅዳሜ አቶ ቁም ሸሚዞቹን እያገላበጡ እንከን ሲፈልጉ ቆዩ። ቢያጡ ጊዜ የማሰናበቻውን ወረቀት ቀደው ጣሉትና ወጡ። ደስታዬን በምን ቃል ልንገርሽ!

ሚጢጢን ማን መከረሽ ብላት፣ የሰው ምስጢር አላወጣም አለችኝ። እኔም ሌላ ሰው አልጠይቅም። እሁድ ስትመጣ መደገፊያ ያለው ወንበር ታመጣልሻለች፤ በርጩማው ግን እዚህ ሥራ ይዟል።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ። ይህን የምጽፍልሽ ከሥራ ቦታዬ ነው፤ ቁጭ ብዬ።

በሰባት ዓመቷ በርጩማሽን በካውያ አቃጥላ የተገረፈችው ልጅሽ