ከቀለሙ ሥር የወጣው ሰው

አያ እስጢፋኖስ፣ እንዴት ከርመሃል? የእማዬ ጉልበት ተሻላት? አባዬን ሳሉ ተወው? ሰዉም ከብቱም ሸጋ ነው? እኔና ታናሻችን የትነበርሽ ደህና ነን፣ እሷ ትማራለች፣ እኔ ግን ደክሞኛል አያ፣ ደግሞ ፈርቻለሁ። ስልኩ እንቢ ብሎኝ ነው የምጽፍልህ፣ በፊደሌ አትሳቅብኝ።

ፒያሳ ጣሊያን የሠራው የሚሉት የድሮ የቢሮ ሕንፃ አለ። መግቢያውን፣ ሰው ተራ የሚጠብቅበትን፣ ሎቢ ነው የሚሉት፣ እሱን እያደስን ነው። ወንዶቹ ወለሉን ይሰብራሉ፣ እኔና ትርንጎ የምትባል የእንፍራንዝ ልጅ ፍርስራሹን በባሬላ አውጥተን ደግሞ የግድግዳውን አሮጌ ቀለም በብረት እንፍቃለን። አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው፣ ክንዴም የኔ አይመስለኝም።

ሐሙስ ለታ ስፍቅ ስፍቅ ዓይን ወጣ። የሰው ዓይን አያ፣ ትልቅ፣ እኔን የሚያይ! ጮህሁ። ትርንጎ ምነው ጅብ አየሽ ብላ ሳቀችብኝ፣ መጥታ ስታየው ግን አማተበች። ቀስ እያልን ስንፍቅ ረጅም ነጭ ጢም ወጣ፣ ወደ ላይ የተነሳ ክንድ ወጣ፣ እጁ ጋ ስንደርስ ፈርተን ቆምን። ቀኑ ደግሞ አምስት ነው፣ የአቡዬ ቀን፣ እኛ በበዓላቸው ሥራ ገብተን! ወንዶቹም አቡዬ ናቸው ብለው ተሳለሙ፣ እኔም ተሳልሜ ለእማዬ ጉልበት ስለት ተሳልሁ።

ኋላ ዘበኛው አያ አላምረው መጣና እናንተ ልጆች፣ ይሄ ቤት እኮ ድሮ መጠጥ ቤት ነበር ይባላል፣ ሰውየው ብርጭቆ አንስቶ ይሆናል፣ አቡዬ አረቄ ይጠጣሉ እንዴ አለን። ፎርማኑ ሐዲስ ደግሞ መስቀልም ይሁን ብርጭቆ ሰኞ ግድግዳው ባዶ ሆኖ ልየው፣ የጀመርሽው አንቺ ነሽ አንቺው ጨርሺው፣ ካልሆነ እንዳትመጪ አለኝ። ወንዶቹ እንዳልሰሙ ሆነው ዘወር አሉ።

ቄስ ልጠራ ብዬ ነበር፣ ግን ሥራው ቢቆም ማን ጠራ ይባልና እባረራለሁ። ከተባረርሁ ኪራዩስ? የትነበርሽ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ትተወው? ብፍቀው ደግሞ አቡዬ ከሆኑስ፣ እጄ ቢደርቅስ? አንተ ዲያቆን ነህ፣ እዚህ ብትሆን ትነግረኝ ነበር። ይሄን ደብዳቤ ለሹፌሩ ለየሻው እሰጠዋለሁ፣ ድብ ባሕር እስኪደርስ ግን ሰኞ ያልፋል።

እንዲህ አሰብሁ። መጀመሪያ እጁን ብቻ እፍቃለሁ። ብርጭቆ ከሆነ ሌላውንም ፍቄ ሥራዬን እይዛለሁ፣ ስለቴን ግን ለማን እንደተሳልሁት እንጃ። መስቀል ከሆነ ብረቱን አስቀምጬ፣ የትነበርሽን ይዤ እመጣለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። አባዬን ጋቢህን ሳትለብስ አትውጣ በልልኝ። ሚስትህን ሰርካለምን፣ ልጃችሁን ወልደኢየሱስን ሰላም በልልኝ። ሁለታችንን በመንገዱ ስንመጣ ካያችሁ የትነበርሽን ምነው ትምህርትሽ እንዳትሏት፣ እሷ ምንም አላጠፋችም።

እህትህ ወለተ ሚካኤል
ጎንደር፣ ቀሐ
እሑድ ኅዳር 8 ቀን 2017