በተራዬ ያጠጣሁት የአያሌው ጫት

ጥር 6

አያሌው ነው። ሌላ ማንም አይደለም። የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም፣ ማሳችን በአንድ ቦይ የሚዋሰን አያሌው።

ለእህቴ ለቅሶ ቆላ ድባ ሄጄ ሰባት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ጫቴ በሙሉ እስከ ጉልበቴ ተከርክሟል። የወረታዋ ነጋዴ ከድጃ የካቲት 10 መጥታ ልትወስደው የነበረው ጫት። አሁን የሱን ብቻ ትወስዳለች።

"አርጅቶ ነበር እኮ እታለም" አለኝ። "ላድስልሽ ብዬ ነው።"

ሳላለቅስ ቤቴ ገባሁ። እንባዬን ለእህቴ ጨርሼ ነው የመጣሁት።

ጥር 7

ለውሃ አባታችን ከሰስሁ። የመስኖ ተራ የሚያካፍሉን እሳቸው ናቸው።

"ጫት ከተከረከመ ይበቅላል። ምን ጎደለብሽ?"

"ጊዜው" አልኋቸው። ሳቁብኝ።

ፊደል የቆጠርሁት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ያኔ አያሌው "መቃብሯ ላይ የሚጻፈውን ልታነብ ነው" ብሎ ሰፈሩን አስቆ ነበር። ይኸው ስሙን እየጻፍሁት ነው።

ጥር 10

አያሌው ጫቱን እያስጠማው ነው። ጫት እስኪጠወልግ ውሃ ይከለከላል፤ ያረጀው ቅጠል ይራገፋል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይጠጣል። ያን ጊዜ ቀዩ ለጋ ይፈነዳል። በአሥራ አምስት፣ በአሥራ ስድስት ቀን ይደርሳል። ቀኑ ካለፈ ይጠነክራል፣ ማንም አያኝከውም።

ጥር 24 ሊያጠጣው ነው። ለከድጃ ልክ ይደርስለታል።

ቀድሞ ቢጠጣስ? የሰው ማሳ በማጠጣት የተከሰሰ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ጥር 13

ዛሬ ተራዬ ነበር። አያሌው ሰርግ ተጠርቶ ወንዛዬ ሄዷል። በዶማ ድንበሩን ቆረጥሁና ውሃዬን ሁሉ ለቀቅሁለት። እስኪጠግብ። የኔ ጉቶ እያየ ደረቀ።

ሚስቱ ብርቄ ከበሯ ሆና አየችኝ።

"እታለም፣ ውሃሽ ወደኛ ገባ።"

"ይግባ።"

"ተባረኪ እንግዲህ" አለችኝ። የምሯን ይሁን እያሾፈች፣ አልለየሁትም።

ጥር 14

አያሌው ተመልሶ ጭቃው ውስጥ ቆሞ ሲጮኽ እዚህ ድረስ ተሰማ። "ማነው የለቀቀው?"

"እኔ ነኝ" አለች ብርቄ። "ቦዩን መዝጋት ረሳሁት።"

ምን ነክቷት ነው? አልጠየቅኋትም። ደስ ብሎኝ ዋልሁ ማለት እንኳ አልችልም። ግማሽ ቀን ደስ አለኝ።

ጥር 19

ከየጉቶው አምስት፣ ስድስት ቡቃያ ወጥቷል። ውሃዬን ለጠላት ሰጥቼ እኔው ከጣና በጀሪካን እቀዳለሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ከየጉቶው ሦስት ሦስት አስቀርቼ ሌላውን ቀነጠስሁ። የቀሩት ሲረዝሙ በገመድ ወደ ጎን እስባቸዋለሁ፤ መሐሉ ፀሐይ ሲያገኝ ከየጎኑ ያቆጠቁጣል።

ጥር 29

የሱ ደረሰ። ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ። አሥራ አንድ ቀን ቀደመ። ለከድጃ ደወለላት፤ ከቀኔ በፊት አልመጣም አለችው። እሱ ጥቂቱን ቆርጦ ከተማ ይዞ ሄደ፣ ጠውልጎበት ተመለሰ።

በሬን ዘግቼ ሳቅሁ።

የካቲት 10

ከድጃ መጣች። ከሱ ማሳ አንድ ቅጠል አኝካ ተፋች። "አያሌው፣ ይሄ የፍየል ነው።"

ወደኔ ተሻገረች። ቡቃያዬን ገለጥ ገለጥ አድርጋ "ማን ከረከመልሽ? እጁ ይባረክ። ከፋሲካ በኋላ እኔው ነኝ የምወስደው፣ ለሌላ እንዳትሰጪ" አለችኝ።

ማን እንደሆነ አልነገርኋትም። ምላሴን ቢቆርጡኝ አልነግራትም።

የካቲት 11

አያሌው ብርቄን አባረራት። "ዓመት የለፋሁበትን በአንድ ቀን አጠፋሽው፣ እናትሽ ቤት ሂጂ" ብሎ። ፌስታል ይዛ ወደ ጢስ ዓባይ የሚሄደውን ሚኒባስ ስትጠብቅ አገኘኋት።

"ለምን እኔ ነኝ አልሽ?"

"እርስዎ ነዎት ብዬ ብነግረው ምን ሊፈጠር ነበር? እሱ ገጀራ አለው፣ የእርስዎ ልጆች ደግሞ አይተኙለትም። እኔን ግፋ ቢል ያባርረኛል ብዬ ነው።"

እስከ ዛሬ አንቺ ነበር የምትለኝ። ዛሬ እርስዎ አለችኝ። ከዚያ ሚኒባሱ መጣ።

የካቲት 12

ሄጄ ነገርሁት። "ውሃውን የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ብርቄ ምንም አላደረገችም።" ትንሹን ልጄን ከበሩ አቁሜ ነው የገባሁት።

"ተራሽን አቃጥለሽ?" አለኝ።

ሚስቱን ያምጣት አያምጣት አላውቅም። እሱን ይቅር አላልሁትም፣ ነገም አልለውም። ከእንግዲህ ግን እሱን ለመምታት በብርቄ በኩል አላልፍም።