በሩ አጠገብ የቆመው ሰው

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ቤተሰቡስ እንዴት ከርሟል? እናንተ ጋ፣ በባሕሩ ዳርቻ፣ ዘንድሮ ንፋሱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ አሳብ ይዞኛል። እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። ከተማችን ሆልምሮይድም እንዳለች አለች፤ ዝናቡ አላባራም፤ ከፋብሪካው ቀርቶ የነበረውን አንዱን የጭስ ማውጫም ባለፈው ወር አፈረሱት።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁንም እንዳልቀደው ስለምፈራ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርሽ።

ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ፣ በየብርዱ ወራት፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ የከተማችንን ታሪክ በስላይድ እያሳየሁ እንደምናገር ታውቂያለሽ። የጀልባዎቹን ቦይ፣ የድሮውን ገበያ፣ የነሐስ ጥሩምባ ነፊዎቹን ጓድ አሳያለሁ። አሮጊቶቹ «ውይ! ያቺ እኮ አክስቴ ናት!» እያሉ ይሳሳቃሉ። ከዚያ ሻይና ብስኩት ይቀርባል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። የአስቤስቶስ ፋብሪካውን ግን በአንድ ፎቶ ብቻ ነበር የማልፈው፤ ሠራተኞቹ እየሳቁ ከግቢው ሲወጡ የተነሡት ነው። ክሊፎርድሽም ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ መካከላቸው አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «እነሆ የሆልምሮይድ ታታሪ ልጆች!» ብዬ ቶሎ ወደሚቀጥለው አልፌያለሁ።

ባለፈው ወር ዶሪን አክሮይድ የምትባል ሴት መጣች። አባቷ ኢኖክ ከባልሽ ከክሊፎርድ ጎን ይሠራ የነበረው፣ በዚያው አቧራው ባመጣው የሳንባ ሕመም ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ የሞተው ነው። ከአባቷ መሳቢያ ያገኘችውን ፎቶ ሰጠችኝና «እስቲ ይቺንም ያሳዩልን» አለችኝ።

ፎቶው አስቤስቶሱ እንደ ጥጥ የሚፈተልበትን የመፍተያ ክፍል ያሳያል። ኢኖክና ክሊፎርድ መፍተያ መኪናው ላይ አጎንብሰዋል። ትከሻቸውም ቅንድባቸውም ነጭ ነው፤ ከወፍጮ ቤት የወጡ ይመስላሉ። ዳር ላይ፣ በተከፈተው በር አጠገብ፣ ንጹሕ ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ አየር የሚስብ ትንሽ መሣሪያ ይዞ ቆሟል። እኔ ነኝ።

ፎቶ ቤት ወስጄ ስላይድ አሠራሁት፤ ካሠራሁት በኋላ ደበቅሁት። ብትጠይቀኝ ጠፋብኝ ልላት ነበር። ያለፈው ሐሙስ ግን አውጥቼ ከሌሎቹ ጋር ደረደርሁት።

አርባ ያህል ሰው ነበር። ፎቶው መጋረጃው ላይ ወጣ። ዶሪን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እዚያ ዳር የቆሙት እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ።

ነኝ አልኳት።

«ምንድን ነው የያዙት?»

የአቧራ መለኪያ ነው አልኳት።

«አቧራው ያለው እኮ መኪናው ጋ ነው። እርስዎ በሩ ጋ ምን ይሠራሉ?»

እታለም፣ ለዚህች ጥያቄ ሠላሳ ዓመት መልስ ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ። ፎቶ አንሺው እዚያ ቁም ብሎኝ ነው፤ ጠረጴዛው እዚያ ስለነበር ነው፤ ሁሉም አፌ ላይ ነበር። አንዱም አልወጣ አለኝ። በሩ ጋ የቆምኩት ንጹሕ አየር በዚያ ስለሚገባ ነው አልኳቸው። የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ስማ ልጄ፣ መኪናው ጋ ከለካህ ይሄ ቤት ይዘጋል፤ አንተም እነሱም እንጀራችሁ ተቆረጠ ማለት ነው» እንዳለኝ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት በሩ ጋ እየለካሁ፣ «መፍተያ ክፍል» ብዬ እየጻፍኩ፣ ከሥሩ እንደፈረምኩም ነገርኳቸው።

ከኋላ አንዱ፣ ማምለጫ ሊሰጠኝ ይመስለኛል፣ «ያን ጊዜ እኮ ጉዳቱን ማንም አያውቅም ነበር» አለ። እኔ አውቅ ነበር አልኩት። አንድ ቀን፣ መኪኖቹ እየሠሩ፣ እዚያው አጠገባቸው ለራሴ ብዬ ለክቼ ከተፈቀደው እጅግ በልጦ አግኝቼዋለሁ። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጣልኩት።

ጥሩምባ ነፊው ሽማግሌ ሃርግሪቭስ «በል ተወው! የሞተ ሞቷል፣ ሻዩም ቀዘቀዘ» ብሎ ጮኸ። ዶሪን ግን ተነሥታ ቆመች። «እኛ አፍህን ሸፍን ስንለው አባቴ ምን ይል ነበር መሰለህ? ዊልፍ አየሩ ንጹሕ ነው ካለ ንጹሕ ነው ይለን ነበር» አለች። «እርስዎ» ማለቱን የተወችው ያኔ ነው።

ሻዩን የነካ የለም። ሁሉም ካፖርቱን እያነሣ ወጣ። የስላይዱ መጋረጃ በሁለት ሰው ካልሆነ አይታጠፍም፤ ብቻዬን ስታገል ዶሪን ተመልሳ አንዱን ጫፍ ያዘችልኝ። «አንተን እያገዝኩ አይደለም። አዳራሹን የምትዘጋው ሴትዮ ቤቷ እንድትገባ ነው» አለችኝ።

በማግሥቱ የጸሎት ቤቱ ሹማምንት የቀሩት ንግግሮቼ መሰረዛቸውን ጽፈው ላኩብኝ። ትናንት ደግሞ ዶሪን ጠበቃ ዘንድ ወሰደችኝ፤ ሁሉንም በምስክርነት ዘርዝሬ ፈረምኩ።

ክሊፎርድም ጠይቆኝ ነበር እኮ። እናንተ ቤት፣ እሑድ ምሳ ላይ፣ አንቺ ድንች እያወጣሽ። «አንተ ዊልፍ፣ የእውነት ንጹሕ ነው?» አለኝ። «ከጸሎት ቤት የጸዳ ነው» አልኩት። ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ።

ያንን ስላይድ ለምን እንዳወጣሁት ሳልነግርሽ አልዘጋም። በዚያው ሳምንት ሰኞ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ደረጃ ስትወጪ ሁለት ጊዜ እንደምታርፊ፣ ጎንሽን እንደሚወጋሽ፣ ሐኪሙ «ዕድሜ ነው» ብሎ ለማንኛውም ራጅ እንደላከሽ እየቀለድሽ ጽፈሽልኛል። አንቺ እዚያ ፋብሪካ አንዲት ቀን አልሠራሽም። ግን አርብ አርብ የክሊፎርድን ቱታ ጓሮ አውጥተሽ ስታራግፊ፣ ነጩ ብናኝ ፀጉርሽ ላይ ሲያርፍ፣ «በጠራራ ፀሐይ በረዶ ጣለ!» ስትዪ፣ እኔ አጥሩን ተደግፌ አብሬሽ እስቅ ነበር።

ስለዚህ እባክሽ፣ ራጁን ስትነሺ ለሐኪሙ ይህን ንገሪው። እሱ አይጠይቅሽም፤ ሳይጠይቅሽ ንገሪው። አሥራ አራት ዓመት ቱታ አራግፌያለሁ፣ አጥቤያለሁ በዪው። የፋብሪካውን ስም ጻፊለት። ካላመነሽ ይህን ደብዳቤ ስጪው።

ይቅር በዪኝ ብዬ አልጽፍልሽም። ለዚያስ የፊታችን እሑድ ራሴ እመጣለሁ፤ በሩን ካልከፈትሽልኝም ይገባኛል።

እግዚአብሔር ትንፋሽሽን ይጠብቅልሽ። እንቅልፍሽን የሰላም ያድርገው።

አንቺ ያሳደግሽው
ወንድምሽ

እታለም፣ ሐኪም ቤት ስትሄጂ ልጅሽንም ይዘሻት ሂጂ። እሷም ትመርመር። ቱታው ሲራገፍ እግርሽ ሥር ቁጭ ብላ ብናኙን በእጇ እየሰበሰበች ትጫወት ነበር።