ፊውዙ በማን ኪስ ነበር

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ፣ ሰው ሲጠይቀኝ የምለው እንደዚያ ነው።

ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀርቤ እመሰክራለሁ። በስልክ «ተጣልተው ነበር በያቸው፣ እማዬ፤ ምን ይጎዳሻል?» ያልሽኝን ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። አያትሽም ትናንት መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። «ባልሽን አፈር በላው። ወንድምሽን ደግሞ በአፍሽ ልትቀብሪው ነው?» አለችኝ። እናቴን ከመሬት አንስቼ ውሃ ሰጠኋት።

አጎትሽ አባትሽን መግደሉን አልካደም። «ሥራ ላይ ተጨቃጨቅን፣ ሰደበኝ፣ ደሜ ፈላና ፊውዙን መልሼ ሰካሁበት» ነው የሚለው። ድንገተኛ ጠብ ከነበረ ቅጣቱ ይቀልለታል። ዐቃቤ ሕጓ ግን «ሟች አምኖት እጁን ሽቦ ላይ ባሳረፈበት ሰዓት፣ ራሱን መከላከል እንደማይችል እያወቀ ነው የገደለው» ትላለች። ይህን ካስረዳች ዕድሜ ልክ ነው። ቢሮዋ ጠርታኝ፣ «ባለቤትዎ ምን ያህል ያምኑት ነበር?» አለችኝ። ክህደት የሚረጋገጠው እንዲህ ነው ለካ! ስለ ወንድሜ ክፋት የምጠየቅ መስሎኝ ነበር፤ የተጠየቅኩት ስለ ፍቅራቸው ነው።

አባትሽን ታውቂዋለሽ። ኤሌክትሪክ ሊነካ ሲል ኃይሉ እንዲቋረጥ ፊውዙን ነቅሎ የሚከተው ገዛ ኪሱ ውስጥ ነው። «ነፍሴን ሰው ኪስ ውስጥ አላስቀምጥም» እያለ ስንቱን ሠራተኛ አስቀይሟል! የሚሰጠው ለአጎትሽ ብቻ ነበር። የዚያን ቀን ኪሱ ሲፈተሽ መሀረብና የቤት ቁልፍ ብቻ ተገኘ። የአጎትሽ ጠበቃ ይህን ይዞ «ሟች ጥንቃቄ የጎደላቸው ሰው ነበሩ» አለ። ሰማሽ? አባትሽን! ልስቅ ምንም አልቀረኝም፤ ከዚያ እዚያው ፍርድ ቤት አግዳሚ ላይ አለቀስኩ።

ደግሞ የቱ ጠብ? ጠዋት አብረው ሲወጡ አጎትሽ የመሣሪያ ቦርሳውን ተሸከመለት፤ የሸሚዙንም ኮሌታ አስተካከለለት። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ረዳታቸውን «ዛሬ አትምጣ» ብሎ ማስቀረቱን፣ የጋራ ወርክሾፓቸውንም ለብቻው መመኘቱን የሰማነው ከቀብር በኋላ ነው።

በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያመላለሰሽ እሱ መሆኑን አልረሳሁም። እኔም እኮ ያዘልኩት ወንድሜ ነው! ግን «ተጣልተው ነበር» ካልኩ፣ አባትሽ በመጨረሻዋ ሰዓት ወንድሜን እየፈራው ነበር ማለት ነው። አጠገቡ የቆመው ጠላቱ መሆኑን እያወቀ ሞተ ማለት ነው። አልፈራም፣ ልጄ። ልቡ አርፎ ነው እጁን የዘረጋው። ሌላው ሁሉ ተወስዶበታል፤ ይህችን ደግሞ እኔ ልውሰድበት?

ከፈለግሽ ተቆጪኝ፤ ስደውልም አታንሺ። ነገ ያየሁትንና የማውቀውን እናገራለሁ። ሐሙስ የእስረኛ መጠየቂያ ቀን ነው። አያትሽ ጉልበቷ መንገዱን አይችልም፣ እሱም ሚስት የለው። ሹራቡን አጥቤ አስጥቼለታለሁ፤ እዚያ ይበርዳል አሉ። ፊቴን ሲያይ ምን እንደሚል አላውቅም፣ ግን እሄዳለሁ።

ፈጣሪ ካለሽበት ይጠብቅሽ። የምታምኚው ሰው አያሳጣሽ፣ ልጄ።

እናትሽ