ዛፍ በመቆረጡ አንኮበር ለጠፋባቸው ዳኛ

ደብረ ብርሃን ተቀምጠው የእናቴን ጉዳይ ለወሰኑት ክቡር ዳኛ፣

የሰኔው ብርድ ሳይጠናብዎ፣ ወንበርዎም ሳይጎረብጥዎ በደኅና እንደ ሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በሰላ ድንጋይ አስተማሪ የሆንሁ፣ አሁን እናቴን ላስታምም አንኮበር የመጣሁ፣ የወይዘሮ ወለተሐና ልጅ ይመኙሻል ነኝ። ችሎትዎ ፊት በቆምሁ ቁጥር «ዝም በይ» ስለ ተባልሁ፣ የቀረኝን በጋዜጣ ለመናገር ተገድጃለሁና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። እናቴ ከአባቷ በወረሰችው የአንኮበር ቤት ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ እንዲሸመን ፈቅዳ፣ አቶ ገብረ ጻድቅ የተባሉ የደብረ ብርሃን ነጋዴ ደግሞ የበግ ጠጉር እያመጡ፣ አብረው ሊሠሩ ተዋዋሉ። ቢጣሉ አንኮበር ገበያ ዳር፣ ከኮሶው ዛፍ ሥር፣ አለቃ ብርሃነ መስቀልና የአልዩ አምባው ሼህ ሰላሀዲን በሽምግልና እንዲዳኟቸው ተፈራረሙ። ዘንድሮ ነጋዴው «ቤቱ ራሱ የእኔ ነው» ብለው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬ እነሆ።

፩ኛ፤ ውሉን ቃል በቃል ስላነበቡልን። አቶ ገብረ ጻድቅ በመጋቢት ኮሶውን ከባለቤቱ ገዝተው ለሳንቃ አስቆረጡት፤ በሚያዝያ እርስዎ ዘንድ ቀርበው «የተስማማንበት ቦታ ስለሌለ ጉዳዩ ደብረ ብርሃን ይታይልኝ» አሉ፤ እርስዎም «እውነት ነው፣ ቦታው የለም» ብለው ፈረዱ። ሽማግሌዎቹ ግን ውሉን አክብረው መጥተው፣ ጉቶው አጠገብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀው ተመለሱ። ሼህ ሰላሀዲን ሲነሡ «ልጄ፣ ወላሂ ዛፍ ሲዳኝ አይቼ አላውቅም፤ የምንዳኘው እኛ ነበርን» አሉኝ።

፪ኛ፤ ስለ ርኅራኄዎ። እናቴ ከጥር ወዲህ ከአልጋ እንዳልተነሣች ባመለክት «በቃሬዛ ትምጣ» አሉ። በእርሻ ወራት ያን ሁሉ ዳገት ተሸክሟት የሚወጣ ሰው ስለታጣ ቀጠሮው አለፈ፤ እርስዎም «ቀርባ አልተከራከረችም» ብለው ቤቱን ለነጋዴው ሰጡ። ቤቱን ማን እንዳሠራው የሚያውቁት ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ቃል እንኳ አልተጠየቁም።

፫ኛ፤ ስለ ምክርዎ። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ገልጬ፣ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ መሆኑን ሳነብልዎ «ሴት ልጅ ሕግ ከምታገላብጥ ፈትል ብትፈትል ይሻላታል» አሉኝ። ምክሩ መልካም ነበር፤ የምፈትልበትን ቤት ግን በዚያው ቀን ወሰዱት።

ይግባኝ ልበል ብል አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ፤ እንዳልሄድ እናቴን የሚያገላብጣት የለም። ይህ ደብዳቤ አንዲት ፊርማዎን እንኳ እንደማይሽር አውቃለሁ። የጻፍሁት ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው።

በፍርድዎ ቤት አልባ የሆንሁ፣ ከቃልዎ ግን አንዲቷን እንኳ ያልጣልሁ፣ አክባሪዎ

ይመኙሻል ገብረ ሕይወት
አንኮበር፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ትናንት ማንንም መንገድ ሳይጠይቁ ከደጃችን ደርሰው፣ ቅዳሜ ቤቱን እንድንለቅ ነግረውናል። ዳኝነቱ ያጣውን የአንኮበር መንገድ የማስለቀቂያው ትእዛዝ እንዴት እንዳገኘው ቢያስረዱኝ፣ ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ።