ስለተነቀለው የቢሮዎ በር

ለተከበሩ የጥድ አምባ ከተማ ከንቲባ ለአቶ ዓምደ ሚካኤል፤
ነፋሱ በሚያገኝዎት ቦታ ሁሉ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጋቢ አልፎ አጥንት በሚነካው በዚህ በመንዝ ውርጭ በር የሌለው ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ለሚያገለግሉን ለእርስዎ፣ ጉንፋኑም ቁርጥማቱም በሩቁ ይለፍዎት እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደስታዬን ብቻዬን መያዝ ስላልቻልኩ ነው ደብዳቤውን ገበያተኛው ሁሉ እንዲያነበው አደባባይ ያወጣሁት።

ክቡር ሆይ፣ «አስተዳደራችን ለነዋሪው ክፍት ነው» ብለው በስብሰባ ሲናገሩ፣ እኛ የወትሮው ንግግር መስሎን አጨብጭበን ልንበተን ነበር። እርስዎ ግን ቃልዎን የሚያከብሩ ሰው ነዎትና በማግስቱ ከሞላሌ አናጺ አስመጥተው የቢሮዎን በር ከነመቃኑ አስነቀሉት። ለዚህ ያለኝን ምስጋና ከጥቂት ቅሬታ ጋር እነሆ።

1ኛ. እንደሚያውቁት በአገራችን ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች» ሳይል፣ ከውስጥም «ግቡ» ሳይባል አይገባም። እርስዎ ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ ቀርቷል ብለው ስላወጁ፣ ለሚጣራ ሰው መልስ መስጠት ተዉ። እኛ ውጭ ሆነን «ቤቶች» እንላለን፣ እርስዎ ውስጥ ሆነው መግባታችንን ይጠብቃሉ፤ እንዲህ ዓይን ለዓይን እየተያየን ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ጎረቤቴ እማሆይ አመተሥላሴማ ፊት ለፊት እያዩዎት ሲጣሩ ቆይተው፣ ከንቲባው ጆሯቸውን ታመዋል ብለው ጠበል አምጥተውልዎታል። እሱንም የሚያስገባቸው ስላጡ ደጃፍዎ ላይ አስቀምጠውት ተመለሱ።

2ኛ. ይሉኝታ የማያውቅ ባለጉዳይ ቢገኝ የእኔ ሙክት ብቻ ሆነ። ነፋስ ሽሽት ዘው ብሎ ገብቶ ከጠረጴዛዎ ሥር ተኛ። እሱን ላወጣ ስከተል ነው እኔም ቢሮዎን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጥኩት። እግርዎን ከጸጉሩ ውስጥ ሸጉጠው ሲያሞቁ ስላገኘሁዎት፣ እውነቴን ነው፣ ሙክቴን መውሰዱ ራሱ አሳፈረኝ። ከገባሁ አይቀር ብዬ ስለ ቦኖ ውሃችን ብጠይቅዎት፣ ቢሮው ሁልጊዜ ክፍት ነውና በፈለግሁ ጊዜ መምጣት እንደምችል በትሕትና ነገሩኝ። መምጣቴን ግን ልብ ያሉት አልመሰለኝም።

3ኛ. ዋናው ነገሬ ይኸው ነው። ቢሮዎ በር ስለሌለው ወንበርዎ እንዳይሰረቅ ዘወትር ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ጠባቂው አቶ አባይነህ ደግሞ የቦኖአችን ቁልፍ ያዥ ናቸው። መጥተው እንዳይከፍቱልን ወንበሩን ለማን ይተዉት፤ ቁልፉን ለሌላ እንዳይሰጡ እርስዎ ከልክለዋል። ድሮ እሳቸው ሲዘገዩ በአጥሩ ክፍተት ሾልከን እንቀዳ ነበር፤ ያ ክፍተት ደግሞ ሰሞኑን በደኅና በር ተዘጋ። ስለዚህ ጀሪካናችንን ተሸክመን ወንዝ እንወርዳለን፣ ዳገቱን ስንወጣም ግማሹ ውሃ ጀርባችን ላይ ያልቃል። አራሷ ኮከቤ የልጇን ጨርቅ የምታጥብበት አጥታ፣ እኛ ተራ ገብተን እየቀዳንላት ነው። ግልጽ አስተዳደር እንዲህ ጉልበት እንደሚያጠነክር ማን ያውቅ ነበር?

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። በርዎን መልሰው ያስገጥሙ፤ ከፈለጉም ከውስጥ ይቀርቅሩት፣ እኛ ደጅ መጥናት የለመድን ነን፣ ቅር አይለንም። ብቻ አቶ አባይነህን ከነቁልፋቸው ይልቀቁልን።

ስለ ክፍትነትዎ ጥርሴ እየተንገጫገጨ የማመሰግንዎት፣
ከደጃፍዎ ቆሜ እስካሁን «ግቢ» መባልን የምጠብቅ፣
ወይዘሮ ጌታነሽ ምንይሉ፣ ከነባዶ ጀሪካኔ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በርዎን ከወዴት አምጥቼ ላስገጥም ብለው እንዳይጨነቁ፣ አግኝተነዋል። ቦኖአችንን የዘጋው እሱው ነው። «ሳያንኳኩ ይግቡ» የሚለው ማስታወቂያዎም ከጓጉንቸሩ ከፍ ብሎ እንደተለጠፈ አለ። ሙክቴ በግንባሩ ሞክሮት ነበር፤ እሱም እንኳ አልተከፈተለትም።