ቤተሰብ ሆነን ስላልተገኘነው ዘጠኝ ሰዎች

ለተከበሩ የነባር ሕንፃዎች ጉብኝት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

በዚህ በግንቦት ሙቀት ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ሳያቋርጥ እንደሚሠራ በርዎ ሥር ተቀምጬ ሦስት ቀን ሙሉ ስላዳመጥሁት ብዙም አልሰጋሁም። በአካል ለመገናኘት ባንታደልም ለእርስዎ ዕድሜና ጤና፣ ለማቀዝቀዣውም የማይቋረጥ መብራት ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ዘርዓብሩክ ገብረወልድ እባላለሁ፤ የሰባ ስድስት ዓመት ሰው፣ በሙያዬ አናጢ ነኝ። ማንበብና መጻፍ የተማርሁት በራሴ ስለሆነ በደብዳቤው ውስጥ ስሕተት ቢገኝ የሚወቀስ አስተማሪ የለም።

ጽሕፈት ቤትዎ ከዚራ ሰፈር የሚገኘውን የቀድሞ የአስተዳደር ሕንፃ፣ በተለምዶ አርባ መስኮት የምንለውን፣ ለሕዝብ ክፍት ማድረጉን በሰማሁ ጊዜ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሕንፃው ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ለሦስት ዓመት እድሳት እንደሚዘጋም በዚያው ማስታወቂያ አነበብሁ። ለእኔ ሦስት ዓመት ምንም አይደለም፤ እልኸኛ ስለሆንሁ እጠብቃለሁ። እኅቴ ማዘንጊያ ግን ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷም የእድሳት መርሐ ግብር አልወጣለትም።

ማዘንጊያ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች። በዚያ ዘመን የፊት ለፊቱ በርና ሰፊው የእብነ በረድ ደረጃ ለሹማምንትና ለእንግዶቻቸው ብቻ ነበር፤ እርሷ የምትገባው በግቢው በኩል፣ በማገዶ መጋዘኑ አጠገብ ነው። የእያንዳንዱን ሹም ሳል ከሩቅ ትለያለች፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ከድምፁ ታውቃለች፣ ደረጃውን ግን አንድ ቀን አልረገጠችም። ከዚህ ዓለም የቀራት ምኞት ምን እንደሆነ ስትጠየቅ፣ «በዚያ በር ገብቼ፣ በዚያ ደረጃ ቀስ ብዬ መውጣት ነው፤ ከላይ ሆኜም ትንሽ አስላለሁ» ትላለች።

ስለዚህ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ነጠላ ጎብኚ ስለማያስገባ፣ የቤተሰብ ጉብኝት ለማድረግ አቀድን። ያጋጠመንን መልካም መስተንግዶ በቅደም ተከተል እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ለቤተሰብ የተመደበው ሰዓት ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ በመሆኑ አመሰግናለሁ። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ውስጥ ፍየል እንኳ ከጥላ አትወጣም፤ ግማሹ ከተማ ተኝቷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ጫት ይቅማል። ሕንፃውን ከጎብኚ ለመጠበቅ ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም።

ሁለተኛ፤ በበራሪ ወረቀታችሁ ላይ ሕንፃው አርባ መስኮቶች እንዳሉት ተጽፏል። ሠላሳ ስምንት ናቸው። እያንዳንዱን መዝጊያ ነቅዬ የተከልሁት እኔ ነኝ። ይህንን ለጸሐፊዎ ለወይዘሪት የምሥራች ባስረዳ፣ «አባባ፣ ታሪክ ስለሆነ አይነካም» አለችኝ። ከዚህ በኋላ ሁለት መስኮት ጨምሮ መሥራት ወረቀቱን ከማረም እንደሚቀል ተረዳሁ፤ በእድሳቱ ጊዜ ብታስቡበት።

ሦስተኛ፤ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የቤተሰብ ጉብኝት ቅጽ ቢያንስ አራት ሰው ይፈልጋል፤ አራቱም በሁለተኛው ስማቸው አንድ መሆን አለባቸው፤ ቅጹ ይህንን «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠራዋል። ይህ ቅጽ የተቀዳበት አገር ሰዎች ሚስትም ልጅም የልጅ ልጅም በአንድ ስም ይጠሩ ይሆናል፤ ደስ ይበላቸው። እኛ ግን እያንዳንዳችን የአባታችንን ስም ይዘን የምንዞር ሰዎች ስለሆንን ሲስተማችሁ ፊት ስንቀርብ እንደሚከተለው ተበተንን።

አርባ ስምንት ዓመት አብራኝ የኖረችው ባለቤቴ ስምረት ባይተዋር ሆና ተገኘች። ልጄ ዓለምሰገድ የእኔን ስም እንጂ የአባቴን ስም ስላልያዘ አይዛመደኝም። ሚስቱ ናስቲሆ ሮብሌ ለብቻዋ ቆመች፤ የእርሷ እናት፣ የመጋላ ሰፈሯ ወይዘሮ ዐስሊም እንዲሁ። ሦስቱ የልጅ ልጆቼ የዓለምሰገድን ስም ስለያዙ እርስ በርሳቸው ቤተሰብ ናቸው፤ ነገር ግን አራት አልሞሉም፤ ቢሞሉም ያለ አዋቂ አይገቡም፤ አዋቂው አባታቸው ደግሞ ቤተሰባቸው አይደለም። ከዘጠኛችን ውስጥ በመንግሥት ፊት ዝምድና የተረፈን እኔና ማዘንጊያ ብቻ ሆንን፤ ሁለት ነንና አልበቃንም።

የጋብቻ ወረቀት፣ የልደት ወረቀት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ሁሉንም በፌስታል ይዤ ተመላለስሁ። ወይዘሪት የምሥራች እውነቱን ለመናገር አዝናልኛለች፤ «አባባ፣ እኔማ ሳይዎት ቤተሰብ ናችሁ፤ ሲስተሙ ነው» አለችኝ። የበሩ ጥበቃ ፋራህም የድሬ ልጅ እንደመሆኑ «አንተ» ብሎኝ፣ «አቦ ሽማግሌው፣ ቤተሰብ አምጣ ሲሉህ ሰፈሩን ይዘህ መጣህ!» ሲል ዐስሊ በሶማልኛ የመለሰችለትን እዚህ አልጽፈውም፤ እርሱ ግን ከዚያ ወዲህ ወንበር ያቀርብልናል።

አራተኛውን በደል ባለቤቴ አንብባ አስወጥታዋለች። ቤተሰቤ ባትሆንም እሰማታለሁ።

አምስተኛው በደል ሳይሆን መፍትሔ ነው። መመሪያ የማከብር ሰው ስለሆንሁ መመሪያውን አከበርሁት። ማዘንጊያና እኔ የገብረወልድ ልጆች ነን፤ የጎደሉት ሁለት የገብረወልድ ልጆች ናቸው። በዚህ ከተማ የገብረወልድ ልጅ አይታጣም ብዬ ተነሣሁ። አንዱን ሳቢያን ሰፈር አገኘሁት፤ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ነገሩን ስነግረው ከሳቁ ብዛት ከመቀመጫው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሌላው በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠራ ወጣት ነው፤ የእረፍት ቀኑን ሰዋልኝ። የእነርሱ አባቶችና የእኔ አባት በሕይወት ዘመናቸው ተገናኝተው አያውቁም። አራታችንም ስማችንን፣ የአባታችንን ስምና የትውልድ ዘመናችንን በትክክል ሞላን፤ አንድም ቃል አልዋሸንም፤ ቅጹ የጠየቀንን ብቻ መለስን።

ፈቃዱ በሃያ ደቂቃ ወጣ።

አዲሶቹን ወንድሞቿን ለማዘንጊያ ሳስተዋውቅ ሁለቱንም አገላብጣ ስማ፣ «እናታችን ይህንን ብትሰማ አባታችንን በሌሊት ልብሱ ታስወጣው ነበር» አለች። ከዚያም ነጭ ነጠላዋን አጥባ ገመድ ላይ ሰቀለች።

እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ በሰባት ሰዓት እንመጣለን። ባጃጅ ነጂው በቀኝ፣ ወጣቱ በግራ ሆነው እኅቴን ደግፈው በፊት ለፊቱ በር ያስገቧታል፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ደረጃው ሃያ ስድስት እርከን ነው፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አላውቅምና አስጎብኚዎ እንዳይቸኩል ይንገሩልኝ። ባለቤቴ፣ ልጄ፣ ምራቴ፣ ዐስሊና ልጆቹ ከአጥሩ ውጭ በፀሐይ ቆመው ይጠብቃሉ። ከላይ የሴት ሳል ሲሰሙ እንዲያጨበጭቡ ተነግሯቸዋል፤ ጥበቃዎ እንዳይደነግጥ በማለት አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

ሰውን ከዘመዱ ለይቶ ከማያውቀው ጋር ላዛመደው ለትጉው ጽሕፈት ቤትዎ፣ በእርጅናዬ ሁለት ወንድም ስለሰጡኝም ለእርስዎ ለራስዎ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ ከዚህ በላይ ጎንበስ እንድል ወገቤ አይፈቅድም፣ እኔም አልፈቅድም።

የእርስዎ ታዛዥ፣ ቅጽ በትክክል የሚሞላ፣
ዘርዓብሩክ ገብረወልድ
አናጢ፣ ድሬዳዋ

ማሳሰቢያ፦ ከአዲሶቹ ወንድሞቼ ታናሹ የተወለደው በ1993 ዓ.ም. ነው። አባቴ ያረፉት በ1962 ዓ.ም. ነው። ምናልባት የሚያነብ ሰው ቢኖር በማለት ይህንን «አስተያየት» በሚለው ቦታ ላይ በእጄ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ነበር። የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ያረፈው ልክ በላዩ ላይ ነው።